ልስልሱ ወደ ውስጥ

«አንቺ እጅሽን ሰብስቢ፤ እኔ የመኪና ቺንጋ ስቀይር ነው የኖርኩት» አላት ወንድሟ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

እህትየው እጇን ሰበሰበች። ሳሎኑ መሀል ጠረጴዛ ላይ የአባታቸው ፎኖግራፍ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል። በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ትልቅ የቆርቆሮ መለከት ያለው፣ ብርጭቆ በሚያህል የሰም ጥቅል ላይ ድምፅ የሚቀዳና መልሶ የሚያጫውት አሮጌ መሣሪያ ነው። በስፕሪንግ የሚሠራውን ሞተር ከጥቅሉ ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ ነትቦ ከተበጠሰ ቆይቷል። ለቀስተኞቹ ሻያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ወንድምየው የአባቴን ድምፅ አሰማችኋለሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል።

ጥቅሉ የተቀዳው ሁለቱም ልጆች ሳሉ ነው። አባትየው ቀዳው፣ ተበሳጨበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ ከዚያ ወዲህ አላጫወተውም።

«ያኔ መቅዳት ሲጀምር ከደጅ ሰምቼዋለሁ፤ ‹ልጆቼ› ሲል ትሰሙታላችሁ» አለ ወንድምየው። «ልጆቼ ማለት እኔንም ነው።»

ይህን የሚለው ለምን እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። አባቱ ከቤት ካባረረው ወዲህ የዚህን ቤት ደፍ ረግጦ አያውቅም፤ አስከሬኑ ሲወጣ ነው የገባው። ገብቶም አባቱ ወንበር ላይ ተንሰራፋ። አባቷን ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ስድቡንም የጠጣች እሷ ነች፤ ሆዷ ቂም ቋጥሯል።

ወንድምየው አዲሱን ቺንጋ የሞተሩ መዘውር ላይ ሲያጠልቀው አየችው። ሻካራውን የቆዳውን ገጽ ወደ ውስጥ አድርጎታል። የሹፌር ነገር ነው፤ መንገድ የሚይዘው ሻካራ ጎማ አይደል።

አባቷ የአሮጌ ሙዚቃ መሣሪያዎች ጠጋኝ ነበር፤ እሷም እጇ ሥራ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ አጠገቡ ነበረች። «ልስልሱ ወደ ውስጥ፤ ስንቴ ልንገርሽ?» ይላት ነበር፣ ቺንጋውን ከእጇ መንጭቆ። «ሻካራው ነካ ነካ እያደረገ ያልፋል። ልስልሱ ነው ልጥፍ ብሎ የሚይዝ።» ምስጋና ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በደንብ ስትሠራ ዝም ይላታል፤ እሷም ዝምታውን እንደ ምርቃት መቀበል ለምዳ ነበር።

«አንቺ፣ አባትሽ ዘንድ ስትሠሪ የኖርሽው አንቺ ነሽ» አሏት አጎቷ። «ልክ ነው የገባው?»

«እሱ ያውቃል አጎቴ። ሲቀይር ነው የኖረው» አለች። ይዋረድ ብላ ስህተቱን ሳትነግረው ቀረች።

ወንድምየው ጠመዘዘና ለቀቀው። ቺንጋው እየተንሸራተተ ጥቅሉ እየተጎተተ ዞረ፤ ከመለከቱ የወጣው ድምፅ ወፍራምና የተንቀራፈፈ ነበር። «ል... ጆ... ቼ...»

ጥግ ላይ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። «ሞቅ ብሎት ነው እንዴ የቀዳው?» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

አባቷ ጠብታ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። የሚዋረደው ወንድሟ መስሏት ነበር፤ የተሳቀበት ግን ሟቹ ነው። ፊቷ ነደደ፤ ተነሣች።

«ተነሥ ከወንበሩ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ገልብጠህ ነው ያስገባኸው። ሻካራው ወደ ውጭ ነው መሆን ያለበት።»

«እያየሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እያየሁ።»

«ከአባትሽ የባስሽ ክፉ ነሽ» አለና ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

የመወጠሪያውን ብሎን አላላች። ቺንጋውን አውጥታ ገለበጠችው፤ በጣቷ ሳብ አድርጋ ልኩን ካየች በኋላ ብሎኑን አጠበቀች። ጠመዘዘችና ለቀቀችው።

«ልጆቼ» አለ አባቷ፣ ጥርት ባለ፣ ቸኩሎ በሚናገርበት በራሱ ድምፅ። «ይህን ስትሰሙ እኔ ምናልባት...» በር ሲጥጥ ሲል ተሰማ። «ማነው? አንቺ ነሽ? ስቀዳ አትክፈቺ አላልኩም? ይኸው አበላሸሽው። ወይ ግቢ ወይ ውጪ፣ በሩን ግን ዝጊ።»

ቀጥሎ የትንሽ ልጅ ልቅሶ መጣ፤ ከልቅሶው በኋላ የመርፌው ጭረት ብቻ ቀረ።

ከሞተ ጀምሮ አልመጣ ያላት እንባ አሁን በጉንጯ ወረደ። የቀረላቸው የአባት ቃል ቁጣው ነው፤ ያን ጊዜ በሩን ከፍታ ያቋረጠችውም እሷ ነች።

ወንድምየው በሩ ላይ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ ሆኖ ቆሟል።

«ምን ሊለን ነበር?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ። ልጆቼ ብሏል፣ ሰምተሃል» አለች ወደ እሱ እየሄደች። ደግሞም ሳታስበው የአባቷን አነጋገር ተናገረች። «ወይ ግባ ወይ ውጣ።»

የውጭውን እግሩን አስገባ። አላያትም፤ እሷም አላየችውም። ሲጥጥ እንዳይል እጀታውን በሁለት እጇ ያዘችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።