አንድ ነጥብና አንድ ጉልበት

ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤታችን ውስጥ ኳስ ያልተጫወተ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋጋሪው ተጫውቷል፣ ሹፌሩ ተጫውቷል፣ ዱቄት የሚያወርዱት ተሸካሚዎች ሳይቀሩ ተጫውተዋል። ወሬያቸውን ለሰማ ማለቴ ነው። «ታገልን!» ይላል አንዱ። «ደም ተፋን እንጂ እጅ አልሰጠንም!» ይላል ሌላው። ጋጋሪው ደም ሊተፋ ቀርቶ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰውዬ ነው። ሲሠራ ሆዱን ሊጡ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ነው።

የሆነው ነገር ይኼ ነው። የከተማችን ቡድን ትናንት ከሊጉ መሪ ጋር አንድ ለአንድ ወጣ። ወሩን ሙሉ ጉዳት ሲያምሰው የከረመ ቡድን ነው፤ ከቋሚ ተሰላፊዎቹ ግማሹ እግሩን በጄሶ ታስሮ ቤቱ ተጋድሟል፣ ሌላው ወገቡን ይዞ ያቃስታል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ከሰው ይልቅ የውሃ ፕላስቲክ ይበዛ ነበር አሉ። መጨረሻ ላይ አሰልጣኙ ሰው ሲያልቅበት ሁለተኛውን በረኛ ማሊያ አስቀይሮ አጥቂ አድርጎ አስገባው። በረኛውም ኳስ ወደ እሱ በመጣች ቁጥር በእጁ ሊይዛት ይቃጣው ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው ወድጄ አይደለም። ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲያፈሱብኝ ስላረፈዱ ነው።

ደግሞም የቡድኑ መሃል ተከላካይ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሁድ እሁድ ተከላካይ ነው፤ በአዘቦቱ ቀን የሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ሴራሚክ ያነጥፋል። እናታችን ካረፈች ወዲህ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። እነዚሁ የዳቦ ቤት ጉዶች ወንድሜን እስካለፈው ሳምንት ድረስ «ብርጭቆ» ነበር የሚሉት፤ ቶሎ ይሰበራል ለማለት። ከትናንት ጀምሮ ግን «ብረቱ» ሆኗል። ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ እያቃሰተ ሹመት ሲወጣለት አየሁ።

«አወዳደቁን አያችሁልኝ?» አለ ሹፌሩ። ሹፌሩን ሁላችንም ፊፋ ነው የምንለው፤ ለሁሉ ነገር ደንብ ስለሚጠቅስ። ዳቦውን መኪና ላይ መጫኑን ትቶ መሬት ላይ ተዘረረ። ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ ዱቄቱ ላይ ተንከባለለ። «እንዲህ! እንዲህ ነው ያረገው! ዳኛው ራሱ አዘነለት እኮ! ወጌሻው ሮጦ ገባ፣ ረጨለት፣ አሸለት፣ ተነሳ። ትንሽ ሄደና ደግሞ ወደቀ! ሰዓቱን ቅርጥፍ አድርጎ በላው! ተዋናይ ነው ልጁ!»

ተሸካሚዎቹ አጨበጨቡ። ጋጋሪው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«አልተወነም፤» አልኩ ከመሸጫው መስኮት ዞር ብዬ። «ተጎድቶ ነው።»

ፊፋ ዱቄቱን እያራገፈ ተነሳና በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ።

«ገባን እትዬ። ተጋጣሚ እንዳይሰማ ነው። አይዞሽ፣ ከእኛ አይወጣም።»

«ምንድነው የገባህ አንተ? ትናንት ማታ ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር። የጉልበቱ ጅማት ግማሹ ተበጥሷል። ካረፈ ይድናል። ካላረፈ ግን እንኳን ኳስ መጫወት፣ ተንበርክኮ መሥራትም አይችልም ብሎኛል ሐኪሙ።»

«እይዋት እይዋት!» አለ ጋጋሪው በሊጥ እጁ እያመለከተኝ። «እሷም ትችልበታለች! በዘራቸው ነው!»

እውነት ሲነገረው የሚያጨበጭብ ሰው ያየሁት እዚያ ቤት ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት የሚጨስ ነገር ሸተተኝ። ጋጋሪው «ዳቦው!» ብሎ ወደ ምድጃው ሮጠ። ሲከፍተው የላይ የላዩ ከሰል ሆኗል። ከሥር ከሥሩ የተረፈውን እየመረጥን ደረደርን። ወዲያው ሊገዙ የመጡ አንዲት መምህርት ዳቦውን አገላብጠው አዩና «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው?» አሉኝ።

«አቻ ወጥተን ነው፤» አልኳቸው።

ሳምንቱ እንዲሁ ቀጠለ። የሚመጣው እሁድ ጨዋታ ከሊጉ የመውረድና ያለመውረድ ጉዳይ ነው እየተባለ ከተማው ታመሰ። አሰልጣኙ ለወንድሜ በየቀኑ ይደውላል። «እንዴት ነህ ጀግናው? ሌላ ሰው እንደሌለኝ ታውቃለህ አይደል?» ይለዋል። ጉልበትህ እንዴት ነው ብሎ ግን አልጠየቀውም፤ ቢጠይቅ መልሱን መስማት ሊኖርበት ነዋ! ወንድሜም «ደህና ነኝ፣ እየተሻለኝ ነው» እያለ ስልኩን ይዘጋና ዓይኑን ከእኔ ያሸሻል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአከራያችን ፍሪጅ በረዶ ለምኜ ጉልበቱ ላይ አስሬለት ተቀምጠን ሳለ ግቢው ውስጥ የፊፋ ድምፅ ተሰማ።

«በረዶውን ደብቂው፣ እታለም! ቶሎ በይ!» አለኝ ወንድሜ።

እኔ ሳልነሳ እሱ ራሱ ፈታውና ትራሱ ሥር ወሸቀው። ከዚያ የአልጋውን ራስጌ ይዞ ተነሳ። ሱሪውን አስተካከለ፣ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ፈገግ አለ። እዚያው እፊቴ ጤነኛ ሰው ሆነ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እስከ በሩ ድረስ ሲራመድ አንዴም አላነከሰም።

ጋጋሪውና ፊፋ በላስቲክ ብርቱካን ይዘው ገቡ። «ብረቱ!» እያሉ አቀፉት። «ግቡ ጋሼ፣ ተቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ሻይ ላቀርብ ስነሳ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ እቀዳለሁ» አለና የሻይ ብርጭቆዎቹን ይዞ ተሽከረከረ። ጆሮ ግንዱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። እነሱ አላዩም። እነሱ የሻይ ብርጭቆውን፣ ማንኪያውን፣ የብርቱካኑን ልጣጭ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ያንን አንድ ለአንድ እንደ አዲስ እየተጫወቱት ነበር። ወንድሜ የስኳር ዕቃው ሆኖ መሃል ላይ ተቀምጧል።

«አላልኩሽም እትዬ?» አለኝ ጋጋሪው። «ይኸው እንደ ሚዳቋ ይፈናጠራል! አንቺ ደግሞ ጅማት ምናምን እያልሽ ስታስደነግጪን።»

«እሁድስ?» አለ ፊፋ።

«እገባለሁ፤» አለ ወንድሜ።

«እሰይ! አንተ ባትኖር እኛ ምን አለን?»

ምን እንዳላቸው ልነግራቸው እችል ነበር። ጤነኛ ጤነኛ እግር፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት። እንግዳ ናቸው ብዬ ዋጥኩት። ሲወጡ እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው። ጋጋሪው እያለከለከ ቀደመ፤ ፊፋ ግን ወደ ኋላ ቀረት አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጉልበቱ ማበጡን አይቻለሁ እትዬ። ሱሪው ላይ ያስታውቃል። ሰኞም ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ይቺን ካለፍን አንወርድም። ከዚያ በኋላ እስከፈለገው ድረስ ይረፍ።»

«የአንተ ጉልበት ቢሆንስ?»

በጣም ደነገጠ። «እኔማ ሹፌር ነኝ እኮ!» አለኝ። «እግሬ እንጀራዬ ነው።»

ይህን ያለው ሊያሾፍ አልነበረም። ከልቡ ነው። ቆሜ የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ ሲሄድ አየሁት።

ስመለስ ወንድሜ አልጋው ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ጥርሱን ነክሷል። ጉልበቱ ከማበጡ የተነሳ ሱሪው አልወልቅ ብሎ ጎኑን በመቀስ ቀደድኩት። ቀድጄም አላበቃሁ፣ አፌን ከፈትኩበት።

«ለእነዚያ ነው እንዲህ የምትሆነው? ያ ዘረጦ ጋጋሪና ያ ደንብ ጠቃሽ እንዲስቁልህ ነው?»

«ተይኝ እታለም።»

«አልተውህም! ነገ ተንበርክከህ መሥራት ሲያቅትህ እነሱ ሊያበሉህ ነው? የሚያጨበጭብልህ ሁሉ ጉልበቱን ያውስሃል?»

ኮርኒሱን እያየ ወደ እኔ ሳይዞር እንዲህ አለኝ።

«ሴራሚክ ሳነጥፍ ማን አጨብጭቦልኝ ያውቃል? ቤቱን ሙሉ አንጥፌ ስጨርስ ባለቤቱ ይመጣና ጥግ ላይ ጠመም ያለችዋን አንዷን ፈልጎ ያሳየኛል። እሁድ ግን ስወድቅ እንኳ ያጨበጭባሉ።»

ንዴቴ በረደ ማለት አልችልም። ግን አሳዘነኝ፤ በጣም አሳዘነኝ። በረዶውን ከትራሱ ሥር አወጣሁት። ቀልጦ አንሶላውን አርሶታል።

እሁድ ጠዋት ተነስቶ ታጥቆ አገኘሁት። ማሊያውን ከልብሱ ሥር ለብሷል፣ ጫማውን በላስቲክ ቋጥሯል፣ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ጠቅልሎ የዛፍ ግንድ አስመስሎታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ቁርሱን አቀረብኩለትና አልተናገርኩትም። ቦርሳዬን አነገብኩ፣ ወጣሁ፣ በሩን ከውጭ ቆለፍኩ። ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እታለም!» አለ ከውስጥ። «እታለም፣ ምን እያረግሽ ነው?»

«ጎበዝ ከሆንክ በመስኮቱ ዝለል!» አልኩና ሄድኩ። መስኮቱ ከመሬት የሰው ቁመት አይሞላም። ጤነኛ ሕፃን ይዘለዋል።

ዳቦ ቤት ሬዲዮኑን ከዱቄት ጆንያው ላይ አስቀምጠው ከበውታል። ጋዜጠኛው አሰላለፉን ጠራ፤ የወንድሜ ስም የለም። «በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ከስብስቡ ውጭ ሆኗል» አለ።

«የምን የቤተሰብ ጉዳይ?» አለ ጋጋሪው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ የቤተሰቡ ጉዳይ፤» አልኩ። «ቆልፌበት መጥቻለሁ።»

ጋጋሪው የያዘው የዳቦ መጋገሪያ ፓትራ ከእጁ ወደቀ። ፊፋ ቀይ ሆነ፣ ጥቁር ሆነ። «መኪናውን ይዤ ሄጄ በሩን እሰብረዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጨዋታው ግን ተጀምሮ ስለነበር ከሬዲዮኑ አጠገብ አልተነሳም።

አራት ለባዶ ተሸነፉ። ተሸነፉ ነው የምለው፣ የዳቦ ቤቱ ሰዎችም በዚያን ቀን «ተሸነፍን» ሳይሆን «ተሸነፉ» ነው ያሉት። ተከላካይ ቦታ የቆመው ያው ሁለተኛው በረኛ ነበር፤ አንዷን ኳስ እንደ ልማዱ በእጁ ይዟት ፍፁም ቅጣት ምት አሰጠ። ከዚያ በኋላ በእኔ ላይ የወረደው ስድብ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ከተማውን የሸጥኩ እኔ ነኝ። ቡድኑን ያወረድኩ እኔ ነኝ። ከደንበኞቹም «አንቺ ነሽ አይደል?» ብሎ ዳቦውን ሳይወስድ የሄደ አለ። ፊፋ ዳቦ ቤት ሴት መቅጠር መጀመሪያውኑ ስህተት እንደነበር ደንብ ጠቅሶ አስረዳ። እኔም ለእያንዳንዳቸው የሚገባቸውን ሰጥቼ፣ ለጋጋሪው ጨመር አድርጌ፣ ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስሄድ ግን ፍርሃት ያዘኝ። እነሱን አልፈራም። የፈራሁት ወንድሜን ነው። ምን ብዬ እገባለሁ? በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ። እንደ ሕፃን ቆልፌበታለሁ። ከዛሬ በኋላ ባያናግረኝስ? በሩ ላይ ደርሼ ቁልፉን አስገባሁ።

ከፈትኩት። ማሊያውን አውልቆ ተቀምጧል። እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ ፋሻውን ፈትቶ፣ ትቼለት የሄድኩትን ቁርስ ጠራርጎ በልቶ ብርቱካን ይልጣል።

«ስንት ለባዶ?» አለኝ።

«አራት።»

«ሰደቡኝ?»

«እኔን ነው የሰደቡኝ። አንተንማ ‹ምስኪን፣ እህቱ ናት› አሉህ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና የሆነ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቁልፍ ነው። የዚሁ በር ቁልፍ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ስንገባ አከራይዋ ሁለት ሰጥተውናል እኮ። አንዱ እኔ ጋ ነው።»

ከመገረሜ የተነሳ ቦርሳዬን ሳላወርድ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«እና ቀኑን ሙሉ ኪስህ ውስጥ ነበር? ታዲያ ለምን አልወጣህም?»

ብርቱካኑን ለሁለት ከፈለና ግማሹን ዘረጋልኝ።

«ቆልፈሽብኝ ነዋ፤» አለኝ። «ለአሰልጣኙም እንደዚያው ብዬ ደወልኩለት።»