ሁለት ጣት

ኢዮሲያስ ከሆንግ ኮንግ የመጡትን እንግዳ ይዞ እንዲሄድ የተላከው የአገራቸውን ቋንቋ ካንቶንኛ ይችላል ተብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሆንግ ኮንግ ሰዎች ሲጨዋወቱ በስልኩ እያየ፣ ጫካ ገብቶ ብቻውን ተለማምዷል። ለሰው ግን ተናግሮ አያውቅም። ከቦንጋ ከተማ እስከ ማንኪራ መንደር አሮጊቷ ሜሪ ፈገግ ባሉለት ቁጥር አንገቱን ከመስበር በቀር አንዲት ቃል አልወጣውም።

ሜሪ የመጡት ንብ አናቢው ጋሽ ጉግሳ ዛፍ ላይ የሰቀሉትን ቀፎ ለማየት ነው። ቤት ሲገቡ የጋሽ ጉግሳ ሚስት እትዬ አልጋነሽ በማር የጣፈጠ ሻይ ቀዱላቸው። ሜሪ ሁለት ጣታቸውን አጠፍ አድርገው ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረጉ። ሲጨመርላቸውም ደገሙት።

የእትዬ አልጋነሽ ፊት ጠቆረ።

"እኔን እንደ ሻይ ቤት አስተናጋጅ? ቶሎ በይ ማለታቸው ነው?" ወደ ኢዮሲያስ ዞሩ። "አንተስ፣ ቋንቋ ይችላል አላሉንም? ወይስ ምላስህን ቦንጋ ረሳኸው?"

ጋሽ ጉግሳ ዛፍ የሚወጡበትን ገመድ ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ላይ መልሰው ሰቀሉት። "ሚስቴን ለናቀ ዛፌን አላሳይም።"

ሜሪ ገመዱን አዩ፤ ከዚያ ኢዮሲያስን። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው በባዶ ሊመለሱ ነው። ኢዮሲያስ ብድግ ብሎ ወደ ሜሪ ጎንበስ አለና፣

"ም ሆ ዪ ሲ" አለ፤ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ እንደ ማለት ነው።

የሜሪ ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ኢዮሲያስም ደነገጠ፤ ለዛፍ ሲናገረው የኖረው ቃል ሰው ልብ ውስጥ ሲገባ አየ! እየተንተባተበ ስለ ጣቶቹ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ቀስ እያሉ ነገሩት።

"እትዬ፣ ምስጋና ነው" አለ። "ሻይ ሲቀዳላቸው ጣቶቻቸው ተንበርክከው እጅ ይነሳሉ።"

"ጣት ይንበረከካል?" እትዬ አልጋነሽ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሜሪ ማንቆርቆሪያውን ተቀብለው ቀዱላቸው። እትዬ አልጋነሽም ሁለት ጣታቸውን አጥፈው፣ ኳ ኳ።

ጋሽ ጉግሳ ገመዱን ከግድግዳው አወረዱ።

ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ጋሽ ጉግሳ በገመዱ እየተሳቡ ወጡ፤ ወጡና ቅጠሉ ዋጣቸው። የንቦቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሜሪ ሽቅብ አንጋጠው ቆዩ። ከዚያ ቀረብ ብለው የዛፉን ግንድ በሁለት ጣታቸው መቱ።

ኢዮሲያስም ቀና ብሎ አየ። ከላይ፣ ሰው ከማይታይበት፣ ኳ ኳ የሚል መልስ መጣ።