የኋላው ቀኝ ጎማ

ጎሚስታዋ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። «እሷ ያሰረችውን ጎማ እሷው ካልመጣች ማን ይፈታዋል?» እያሉ ደንበኞቿ ይቀልዱባታል፤ እሷም ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ከእሷ እጅ ሌላ ማንም መኪናውን እንዲነካበት አይፈልግም።

ወንድሟን «መብረቁ» ይሉታል። ጠዋት ከአልጋው ለማስነሳት ጎረቤት ተጠርቶ የሚረዳዱበት ሰው ይህን ስም ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነው። እንደ እሱ ያሉ ፍጥነት የለከፋቸው ሰዎች ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ፣ አውሮፕላን ማረፍ ባቆመበት አስፋልት ላይ እየተገናኙ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሽቀዳደማሉ። ለዚህ ሲል የቤቱን አሮጌ መኪና ያላደረጋት ነገር የለም። የኋላ ወንበሯን ነቀለ፣ ስኮርት ጎማዋን አወረደ፣ ማርሚታዋን ቀየረ፤ አሁን ስትነሳ ጩኸቷ ሰፈር ያስወጣል። ዓመት ሙሉ ሲለፋባት ኖሮ፣ ዛሬ ተጋጣሚዎቹን አንድ በአንድ ጥሎ የመጨረሻው ዙር ደርሷል።

ለዚህ ዙር እህትየዋ እዚያው አስፋልቱ ዳር የኋላዎቹን ጎማዎች በአዳዲስ ለስላሳ ጎማዎች ቀየረችለት። የመኪናዋ ጉልበት ከኋላ ነው፤ እዚያ የላላ ነገር ካለ መጫወቻ አይደለም። ብሎኖቹን በእጇ ካስያዘች በኋላ ክሪኩን አውርዳ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» በሚለው ቁልፍ ታጠብቃለች። ባጠበቀችው ብሎን ላይ ደግሞ በነጭ ቀለም ጫር ታደርግበታለች። ግራውን ጨርሳ ወደ ቀኙ ተሻግራ ከአምስቱ ብሎኖች ሦስተኛውን እንዳጠበቀች ስልኳ ጮኸ። እጇ ግራሶ በግራሶ ስለነበር ወንድሟ አነሳውና ድምፁን ከፍ አደረገላት።

«አንቺ፣ ያ ልጅ አጠገብሽ አለ?» አሉ እናታቸው።

«ራቅ ብሏል፣ እማዬ» አለች። ወንድሟ አፉን በእጁ ይዞ ሳቁን ዋጠ።

«እንግዲያው ስሚኝ። የመኪናዋን የሆነ ነገር ፈታ አድርጊና እዚያው ትገተር። ማን ያውቅብሻል? እኔ እኮ ዛሬ ሆዴን ባር ባር ብሎታል።»

«እማዬ ደግሞ! እጄን ለእንዲህ ያለ ነገር አላነሳም። እኔ ያሰርኩት ታስሯል። ልጅሽን እንደወሰድኩት አመጣልሻለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ወንድሟ እንባውን እየጠረገ «ጨረስሽ?» አላት። «ጨርሻለሁ፣ ጠብቋል፣ ንዳ!» አለችው።

መኪናዋ ከተመልካቹ ፊት አልፋ ወደ መነሻው መስመር ስትጠጋ ነው እህትየዋ ያየችው። ቸርኬዎቹ ያብረቀርቃሉ። ነጩ ምልክት የለም። ያ ጉረኛ ወንድሟ ለፎቶ እንዲያምርለት በቤንዚን ጨርቅ ሙልጭ አድርጎ ወልውሎታል።

መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ ነገሩን ልታስታውስ ሞከረች። ከስልኩ በፊት ሦስት ጊዜ «ቀጭ» ብሏል። ከስልኩ በኋላስ? አንዱን በደንብ ታስታውሰዋለች፤ እየሳቀች ነው ያጠበቀችው። አምስተኛው ግን በፍጹም አልመጣላት አለ። አጥብቃው ይሆናል። ስንት ዓመት የሠራችበት እጅ ሳታስበውም ያጠብቃል። ባታጠብቀውስ?

ሮጣ ብታስቆመው የእማዬን ቃል ፈጸመች ማለት ነው፤ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ጥሪውን በጆሮው ሰምቷል። ከመስመር የወጣ ተራው ያልፋል፤ የዓመት ሙሉ ልፋቱን ውኃ በላው። ዝም ብትልስ? ያ ጎማ በዚያ ፍጥነት ቢወልቅ እማዬን በየትኛው ዓይኗ ታያለች?

ቁልፉን አንስታ ሮጠች።

ባንዲራ የያዘው አስጀማሪ «ሴትዮ፣ ውጪ!» ብሎ ጮኸ። ከጎን ያለው የተጋጣሚው መኪና ሞተሩን እያስጓራ ነው። ወንድሟ አያትና መስታወቱን አወረደ፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«እማዬ ናት አይደል?» አለ። «አንቺም?»

ከኋላው ቀኝ ጎማ ሥር ተንበረከከች። የመጀመሪያው «ቀጭ» አለ። ሁለተኛው «ቀጭ»። ሦስተኛውም አራተኛውም ጠብቀዋል። በቀረው አንድ ብሎን ላይ ቁልፉን ስታሳርፍ ሁሉም ጠብቆ እንዲገኝ፣ ወንድሟም ከፈለገ ዕድሜ ልኩን እንዲረግማት ለመነች።

ቁልፉ ዞረ። እንደገና ዞረ። ከዚያ በኋላ ነው «ቀጭ» ያለው።

ወንድሟ ያደገው እዚያው ጎማ ቤት ነው፤ ምን እንደሰማ ያውቃል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልቁል አያት።

«ፈትተሽው ነው?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። በእናቷ ፍርሃት አሳብባ፣ የእጇን ስም እንደጠበቀች ቤቷ በገባች ነበር። ለወንድሟ ሆዷ የባባ እህት መባልም ክፉ ነገር አይደለም። ግን በቃ፣ አልሆነላትም።

«ረስቼው ነው» አለች። «አሁን ጠብቋል። ንዳ።»

«ትሄዳለህ ወይስ ትወጣለህ?» አለ አስጀማሪው ባንዲራውን እያወዛወዘ።

ወንድሟ መሪውን እንደጨበጠ ፊት ለፊቱ ያለውን አስፋልት ያያል።

«የግራውስ?» አላት።

«እሱ ጠብቋል።»

«ይሄንንም ጠብቋል ብለሽኝ ነበር።»

በቁጣ ቢናገራት ኖሮ ትመልስለት ነበር። የተናገረው ግን በለሆሳስ ነው። ሞተሩን አጠፋ። ጎን ያለው መኪና ብቻውን ተፈትልኮ ሄደ፤ ተመልካቹ አጨበጨበ።

«ብትፈቺው ይሻለኝ ነበር፣ እትዬ» አላት። «ስትፈቺው እኮ ቢያንስ ታውቂዋለሽ።»