ዓይነ ጠባቧ

በ1966 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አዲሷ ላንድሮቨር መካነ ሰላም ስትገባ ሰው የጫነችውን ስንዴ ለማየት ሮጠ፤ አራጌና ጓደኞቹ ፊቷን ለማየት ሮጡ። መኪና የሚወድ ሰው በየከተማው አይጠፋም፤ በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ አልጠፋም።

አራጌ መካኒክ ነው። በከተማዋ ካሉት ጥቂት መኪኖች እሱ ፈትቶ ያልገጠመው ሞተር የለም። ከሰዓት በኋላ ከጀብሪል ቤንዚን መሸጫ አጥር ሥር ይቀመጥና፣ መኪናዋ ገና ኮረብታውን ሳትዞር የማን እንደሆነችና ባዶ ትሁን የተጫነች ይናገራል። ስቶ አያውቅም፤ አለመሳቱንም ደጋግሞ ያወራል።

ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት የአገሩን ገዥ፣ የሹሙን አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። የእሷ ሁለት መብራቶች ፊቷ መሀል ላይ ተጠጋግተው የተተከሉ ናቸው። በአዲሷ ግን ሠሪዎቹ መብራቶቹን ከመሀል አውጥተው ዳርና ዳር፣ ከፊት ጎማዎቹ በላይ ወስደዋቸዋል። አራጌን ያንገበገበው ይኸው ነው።

«ምን በደለቻቸው?» አለ ዙሪያዋን እየዞረ። «ዓይኗን ከፊቷ ነቅለው ትከሻዋ ላይ ተከሉት! የፊቷን ወንፊት ደግሞ ተመልከቱልኝ፤ ፕላስቲክ! የድሮዋ እኮ ብረት ነው። መንገድ ላይ ውለን ሲርበን ፈትተን ሥጋ ጠብሰንበታል።»

«ወላሂ አንተ ሰው ታስቃለህ» አለ ጀብሪል። «መብራት ዳር ሲሆን የመንገዱን ጠርዝ ያሳያል። ገደል ለገደል ለሚሄድ ሰው መኪና ማለት ይቺ ናት። ደግሞስ ሥጋው የት አለ ዘንድሮ?»

በዚያ ዓመት ሥጋ የሚለው ቃል ራሱ ያሳፍር ነበር።

አራጌም ቢሆን እንዲያ የሚለፈልፈው ሆዱ ሰላም ሆኖ አልነበረም። ታናሽ እህቱ ብርሀንነሽ ከወግዲ ቁልቁል፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል። ሁለት ሴት ልጆች፣ ዓይናቸው የደከመ አማትና አንድ በሬ ቀርተዋታል፤ ዝናብ ከጣለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚያው ሳምንት ጥቂት ዱቄት ተሸክሞ በእግሩ ወረደ።

«ልጆቹን ይዘሽ ከእኔ ጋር ነይ» አላት።

«እማማ አበቡን ለማን ጥዬ? በሬውንስ?» አለች። «አብሽር፣ እንኖራለን።»

እንቢ ስትለው አውቃለሁ የሚለውን አንድ ነገር ሰጣት። የሹሙ መኪና እዚያ አገር የምትወርደው ነጭ ለባሽ የሚባሉትን ታጣቂዎች ጭና ነው፤ ግብር አልከፈለም የተባለውን ገበሬ በሬ ነድተው ይሄዳሉ። አሁን ደግሞ የእህሏ መኪና ልትመጣ ነው።

«ስሚኝ እቱ» አላት። «ዓይኗ የተጠጋጋው፣ ዓይነ ጠባቧ፣ የሹሙ ናት። ያቺን ከአፋፉ ላይ ስታዩ ሸለቆ ግቡ፤ መሄዷን ሳታረጋግጡ እንዳትወጡ። ዓይኗ ትከሻዋ ላይ ያለው ግን የእህል ናት። ለእሷ ውጡ።»

ብርሀንነሽ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ። በመኪና ነገር የአራጌ ቃል መሬት ጠብ አትልም። ያን ሁሉ የሚወዳትን መኪና ሽሹ ማለቱ ለራሱም ቅር ብሎት ነበር፤ ግን እህት ትበልጣለች።

ክረምቱ ሲወጣ አገሩ ተገለባበጠ። መስከረም ላይ ንጉሡ ወረዱ ተባለ፤ ሹሙም አንድ ጠዋት በበቅሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። አዲሷ ላንድሮቨር ወደ ደሴ ስትጠራ፣ አሮጌዋ እህል ለሚያድለው ኮሚቴ ተሰጠች። አራጌ የልብ ልብ ተሰማው። ሞተሯን አውርዶ አጥቦ ገጠመ፤ መብራቶቿን በጨርቅ ወለወለ። «አላልኳችሁም?» አለ ለጀብሪል። «ይቺ ናት የቁርጥ ቀን መኪና።» የመጋቢቱን ቃሉን ጨርሶ ረስቶታል።

ሾፌሩ ሞላ ኅዳር ላይ እህል ጭኖ ወደዚያ ቆላ ወረደ። በማግስቱ እንደጫነ ተመለሰ።

«ሰው የለም» አለ። «ጎጆው ሁሉ ባዶ ነው። ደሴ ሳይፈልሱ አልቀሩም። ተቀባይ በሌለበት አራግፌ እንድመጣ አልተፈቀደልኝም።»

በሳምንቱ ደገመ፤ ያው ነው። አራጌ ከደሴ የመጣውን ሁሉ ሁለት ልጆችና አንዲት አሮጊት የያዘች ሴት አይታችሁ እንደሆን እያለ ጠየቀ። ያየ የለም። እንቅልፍ አጣ፣ እህል አልወርድ አለው። በሦስተኛው ጉዞ እሱ ራሱ ከሞላ ጎን ተቀመጠ።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ከእህቱ ጎጆ ጭስ ሲወጣ በዓይኑ በብረቱ አየ።

«አሉ! ሞላ፣ አሉ!» ብሎ ዳሽቦርዱን በመዳፉ መታ።

ሞላ ማርሽ ቀይሮ ቁልቁል ጀመረ። መታጠፊያውን ሲጨርሱ ጭሱ የለም። ደጁ ላይ ሲቆሙም ሰው የለም። አራጌ ዘሎ ገባ። ምድጃው ላይ የተደፋው ውሃ ገና ይተናል፤ ድስቱ ውስጥ የዱር ቅጠል አለ። መኪና ሲያዩ እሳቱን አጥፍተው ሸሽተዋል።

ከጎጆው ሲወጣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ገጠመ። ሁለቱ መብራቶች፣ ራሱ የወለወላቸው፣ ተጠጋግተው ቁልጭ ብለው ያዩታል። ክው አለ።

«አጥፋት! ሞተሩን አጥፋው!» ብሎ ጮኸና ወደ ሸለቆው ሮጠ። «ብርሀንነሽ! እኔ ነኝ! አራጌ ነኝ! የእህል ናት!»

ብዙ ከጮኸ በኋላ እህቱ ከቁጥቋጦው ወጣች። እማማ አበቡን በአንድ እጇ፣ ትልቋን ልጅ ይርገዱን በሌላው ይዛለች። ልጅቷ አጥንቷ ቀርቷል። አራጌ ከኋላቸው ሌላ የሚመጣ ሰው ጠበቀ።

«ሐረግስ?» አለ።

«ባለፈው ሳምንት ስትመጣ እዚሁ ገባን» አለች ብርሀንነሽ። «ነጭ ለባሾቹ ያደሩ መስሎን ሦስት ቀን ሳንወጣ ቀረን። ትንሿ አልቻለችም።»

«እህል እኮ ነበር የያዘችው...» አለ።

ብርሀንነሽ ከሩቅ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ብትቆጣው፣ ብትረግመው በወደደ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያልከኝ፣ ወንድምዬ?» አለችው። «ያልከኝን ነው ያደረግሁት።»

እማማ አበቡ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳበሱት። «ተወው፣ ልጄ» አሉ። «እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያውቃል።» አራጌ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እህሉን አደሉ። ወደሚቀጥለው መንደር ሲሄዱ አራጌ መኪናዋን ከአፋፉ ወዲህ አስቆማት፤ አንድ ጆንያ ተሸክሞ የራሱን ስም እየተጣራ በእግሩ ወረደ። በሚቀጥለውም እንዲሁ አደረገ። እህቱን፣ ይርገዱንና አሮጊቷን ይዞ መካነ ሰላም የገባው በአራተኛው ቀን ነው።

ከአጥሩ ሥር መቀመጡን አልተወም፤ የት ይሂድ። አሁንም ከኮረብታው ማዶ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ጀብሪል እንደ ልማዱ «የማን ናት፣ አራጌ?» ይለዋል።

«እኔ እንጃ» ይላል አራጌ። «ስትደርስ እናያለን።»