የባለ ጎማው ቤት ዘበኛ

«ልጅ መውደድስ እንደ አሊዪ!» አሉ ጋሼ አደም፣ የቡና ገለባ ፍላታቸውን ፉት ብለው ፍንጃሉን መሬት እያስቀመጡ። «የገዛ ማሳውን ለዝንጀሮ ትቶ፣ ክረምቱን ሙሉ የልጁን ቤት ቆሞ የጠበቀ አባት የት ታየ?»

«ጀነት ይግባ» አለ ለቅሶ ዳሱ ሁሉ ባንድ ድምፅ።

የአሊዪ ልጅ ሐሚድ ፊቱን በኩታው ሸፈነ። ሐዘኑ የጸናበት መሰላቸው። አንዱ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ሌላው፣ «አይዞህ፣ አንተም ጧሪ ልጅ ነበርክ» አለው። ይህኛው ከሁሉ የባሰ ነበር። አባቱ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ነገ በሦስተኛው ቀን ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ሐሚድ በአባቱ ቦታ ተቀምጦ የአገሩን ምርቃት ይቀበላል። ያንን ምርቃት እንዴት አድርጎ እንደሚቀበለው እያሰበ ነበር።

ዳሱ የተጣለው ሮቢ ወንዝ ዳር፣ ከባለ ጎማው ቤት ፊት ለፊት ነው። ቤቱ፣ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ለመኪና መንገድ ሲሸነቁሩ የነበሩ ጣሊያኖች በመኪና እየጎተቱ ያድሩበት የነበረ ትንሽ የእንጨት ተሳቢ ነው። ጥለውት ወደ ደሴ ሊያልፉ ሲሉ፣ ሐሚድ ሁለት ወይፈን ሰጥቶ የራሱ አደረገው። ከግድግዳው የሚዘረጋ አልጋ አለው፤ ታጥፎ የሚገባ ጠረጴዛ አለው፤ ትንኝ የማያሳልፍ የሽቦ ወንፊት የተመታበት መስኮት አለው። ሐሚድ በሬ ጠምዶ እየጎተተ፣ አንድ ሰሞን ጀውሃ፣ አንድ ሰሞን ሮቢ ዳር ይሰፍር ነበር። ባቆመው ቁጥር ጎማውን በድንጋይ ያስደግፍና፣ ውኃ የሞላ ጣባ ወለሉ ላይ አኑሮ ወዴት እንዳዘነበለ ያያል። ውኃው ካልተስተካከለ አይተኛም።

«ሚስት ስትኮበልል አይተናል፤ ቤት ሲኮበልል ግን ያንተን አየን!» እያሉ ገበያተኞች ይስቁበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። በሆዱ ግን ኮርቷል።

በሰኔ ወር፣ የመንገዱን ሥራ የሚያዝዘው ጣሊያን ቤቱን ለማየት መጣ። ሐሚድ የሠራተኞች አለቃ መሆን ፈልጎ፣ ስንት ቀን ደጅ ጠንቶ የጠራው እንግዳ ነው። ዶሮ ታርዷል፤ ሁለት ወንበር ከዛፉ ሥር ወጥቷል። ወንድሙ የሚባል አስተርጓሚ በመካከላቸው ቆሟል። ይኸኔ አባቱ ከጀውሃ በእግራቸው መጡ። ሽርጣቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። በእጃቸው አንድ ቅል እርጎ ይዘዋል።

ጣሊያኑ ሽማግሌውን አየና አንድ ነገር ተናገረ።

«ይኼ ሰው ማነው? ይልሃል» አለ ወንድሙ።

ሐሚድ ጭቃውን አየ። የጣሊያኑን ነጭ ልብስ አየ።

«ዘበኛዬ ነው» አለ።

ያለው በአማርኛ ነው። አባቱ ከአሥር እርምጃ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ቅሉን ከጎማው አጠገብ አስቀመጡና፣ በትራቸውን ተደግፈው ከበሩ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ እስኪሄድ ድረስ አልተቀመጡም።

«አባ፣ ይግቡ እንጂ» አለ ሐሚድ በኋላ፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

«ዘበኛ ከቤት አይገባም፣ ልጄ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጀውሃ አልተመለሱም። ቀን ቀን ከበሩ ይቆማሉ፤ ሲመሽ ከተሳቢው ሥር ቁርበታቸውን አንጥፈው ይተኛሉ። ሐሚድ ለመነ፤ ተቆጣ፤ በመጨረሻም ተዋቸው። ቂም ይዘው ነው፣ በአገር ፊት ሊያሳፍሩኝ ነው ብሎ ደመደመ። እሱ ከወንፊቱ ውስጥ ሲተኛ፣ እሳቸውን የወንዙ ትንኝ በላቸው። መስከረም ሲጠባ ንዳድ ጣላቸው። በስድስተኛው ቀን ሞቱ።

አሁን፣ ከዳሱ ባሻገር፣ አስተርጓሚው ወንድሙ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሲመጣ ሐሚድ አየው። ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወሰደው።

«እግዜር ያጽናህ» አለ ወንድሙ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

«ምኑን?»

«ተው እንጂ ሐሚድ! ያስተረጎምኩት እኔ አይደለሁም?»

ሐሚድ አቀረቀረ። «ቂማቸውን ይዘውብኝ ሄዱ፣ ወንድሙ።»

«ቂም?» አለ ወንድሙ። «በማግስቱ እኮ ሰፈሬ ድረስ መጥተው ነበር። ‹በጣሊያን ወግ ዘበኛ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይቆማል?› ብለው ጠየቁኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ‹ምን ያደርግልዎታል አባባ?› ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ሰውየው በዚህ መንገድ ይመላለሳል። ከደጁ ቆሜ ካየኝ የልጄ ቃል እውነት ይሆናል። ያጣኝ እንደሆነ ግን ልጄ ዋሽቶ ቀረ። የአሊዪ ልጅ ውሸታም ሲባል አልሰማም።›»

ሐሚድ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ ተሰናብቶት ሲሄድም አልሰማም።

በሦስተኛው ቀን ዳሱ ሞላ። ሼሁ ዱዓቸውን ከመጀመራቸው በፊት እንደ ወጉ ጠየቁ።

«በአሊዪ ላይ የሚጠይቀው ሐቅ ያለው፣ የተቀየመ ካለ ይናገር። ከሌለ ይቅር ብላችሁ አውፍ በሉት።»

«አውፍ ብለናል!»

ሐሚድ ከአባቱ ቦታ ላይ ተነሣ።

«እኔ በአባቴ ላይ ሐቅ የለኝም» አለ። «የእሳቸው ሐቅ ነው እኔ ላይ ያለው። ጣሊያኑ ማነው ሲለኝ፣ ዘበኛዬ ነው አልኩ። ቤቴን የጠበቁት ወድደውኝ ብቻ አይደለም። ውሸቴን ሊሸፍኑልኝ ነው።»

ጋሼ አደም ከንፈራቸውን ነክሰው ፊታቸውን አዞሩ። ከሴቶቹ መካከል እህቱ ሩቂያ ብድግ አለች።

«አጥሚት ይዤላቸው ስመጣ፣ ‹ይግቡ አባ› ስላቸው፣ ‹ተይኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ› ይሉኝ ነበር» አለች። «እኔ ደግሞ እስቅ ነበር፣ ሐሚድ! እስቅ ነበር!»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «አውፍ ሊልህ የሚችለው ሰው ቀድሞህ ሄደ» አሉ፤ መዳፋቸውንም ለዱዓ ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። ሐሚድ የራሱን እጅ ለመዘርጋት አፍሮ እንደ ቆመ ቀረ።

ዱዓው አልቆ ሰው መነሣት ሲጀምር፣ ከመንገዱ በኩል የአሮጊት ለቅሶ ተሰማ። የአባቱ የጡት እህት፣ እማማ ፋዲላ፣ መርዶው ዘግይቶ ደርሷቸው ከጣርማ በር ሥር በአህያ መምጣታቸው ነው። ዓይናቸው ከፈዘዘ ዘመን ሆኖታል። ከዳሱ አፍ ላይ ወርደው፣ ባዶውን አየር በእጃቸው እየዳበሱ ተጣሩ።

«የአሊዪ ልጅ የትኛው ነው? የወንድሜ ልጅ የታለ?»

«ያውልዎት» ያለ አልነበረም። ሩቂያም መሬት መሬቱን አየች።

ሐሚድ ቀስ ብሎ በሰዉ መካከል አልፎ ሄደ። ከፊታቸው ተንበረከከና፣ በአየር ላይ የምትዳብሰውን እጅ ይዞ ራሱ ላይ አስቀመጣት።