ያለ ባላጋራ የተላከው ተሟጋች

ቀናው «ተጠየቅ!» ብሎ ዱላውን ሲሰብቅ የአቃቂ ወንዝ ፍርዱን ሳይሰማ አልፈስም ይል ነበር። ያላመነ ወርዶ ወንዙን ይጠይቅ። ዝናው አዲስ አበባ ደረሰና መንግሥት «የአገራችንን የሙግት ጥበብ ለባሕር ማዶ ሰዎች አሳይልን» ብሎ መረጠው። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ።

ሚስቱ ወርቅነሽ ግን አንጀቷ አርሯል። ያን ሁሉ ሙግት እቤት ያለማመደችው ማን ሆነና! በጠዋት ትከሰዋለች፣ ቁርስ ላይ ይግባኝ ይላል፤ እሱን የረታችበትን ክርክር ይዞ ችሎት ይሄድና ሌላ ሰው ይረታበታል። አሁን እሱ ባሕር ሊሻገር፣ እሷ ጣቢያ ቆማ እጇን ልታውለበልብ? አታደርገውም!

ቀናው አንድ እግሩን የባቡሩ ደረጃ ላይ እንዳደረገ ከኋላው «በንጉሥ አምላክ!» አለችው። እንዲህ የተባለ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ንቅንቅ አይልም። የነጠላዋን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠረችው።

«አንቺ ሴት፣ ባቡሩ ሊሄድ ነው!»

«ይሂዳ! አንተ ቁራኛዬ ነህ። ዳኛ!»

መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይዳኛል፤ ደንቡ ነው። ሙግት የሸተተው የባቡሩ ነጂ ኦልጅራ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወርዶ መጣ።

«ዳኛው እኔ ነኝ። ሳልነዳው የት ይሄዳል?»

ቀናውን የሚያጅበው ሹም፣ አቶ አያና፣ በመስኮት ብቅ አለ። «ኧረ እባካችሁ፣ መርከቡ ያመልጠናል!»

«በችሎት ፊት ጸጥ!» አለው ኦልጅራ።

ወርቅነሽ እጇን ዘረጋች። «ተጠየቅ! ባሕር ማዶ ሙግት ልታሳይ ነው?»

«አዎን!»

«ከማን ጋር ተሟግተህ?»

ቀናው ዱላውን ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሰበቀ። «ከ... ከአንዱ ፈረንጅ ጋር።»

«በምን ቋንቋ ሊመልስልህ? ብቻህን ቆመህ ስትጮህ ‹እብድ ላኩብን› ቢሉ አገር አይዋረድም?»

ተሳፋሪው አጨበጨበ። ቀናው አያናን አየ፤ አያና ሰማይ ሰማይ አየ። በዚያ ሁሉ ስብሰባ ባላጋራ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሹም አልነበረም።

«ተረታሁ!» አለ ቀናው፤ ፊቱ ግን የረታ ሰው ፊት ነበር።

ኦልጅራ ፈረደ። «ተሟጋች ያለ ባላጋራ አይላክም። ሁለቱም ይሳፈሩ!»

«የይለፍ ወረቀት የላትም እኮ!» አለ አያና።

«ድሬዳዋ ላይ ያወጡላታል። እምቢ ካሉ ደግሞ ይሟገቷት፣ ጉዳቸውን ያያሉ!»

ወርቅነሽ ቀድማ ወጣች፤ ቀናው በኩታው ተጎትቶ ተከተላት። መስኮቱ ሥር ተደላድላ ተቀመጠችና «ባሕር ማዶ ከሳሿ እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ ሞጆ እስክንደርስ መልስህን አዘጋጅ።»