በዘይቱ ውስጥ የተገኘው ውሃ

ተድላ መመርመር እንጂ ማመን የሚሆንለት ሰው አልነበረም። በካናዳዋ ካልጋሪ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሰው ደም ሲመረምር ይውላል፤ ቤቱ ገብቶም ወተት እንኳ ሳያሸት አይጠጣም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ከበራኺ ላይ አንድ አሮጌ ሞተርሆም ገዛ። አልጋና ምድጃ ያለው፣ በቤንዚን የሚሄድ ቤት ማለት ነው።

በራኺ የአሥመራ ልጅ ነው፤ ፎረስት ሎን በሚባለው ሰፈር በከባድ መኪና ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ይሠራል። ሁለቱ አገሩን በረገጡ ሰሞን ራንድል ሰፈር አንድ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ተከራይተው አብረው ኖረዋል፤ ትዳር የያዙትም ልጅ ያሳደጉትም ጎን ለጎን ነው። በራኺ ሞተርሆሙን የሸጠው ማቆሚያ ቦታ አጥቶ እንጂ ጠልቶት አልነበረም። ነሐሴ ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች በዚሁ መኪና ተራራውን አቋርጠው ቫንኩቨር ሊሄዱ፣ ልጆቹም ባሕር ሊያዩ ተስማምተዋል። ተድላ በዚያ ዓመት ከዚህ ጉዞ የበለጠ የሚናፍቀው ነገር አልነበረውም።

“ከመሄዳችን በፊት የሞተሩን ዘይት ላስመረምረው ነው” አለው አንድ ቀን።

“ለምን? ቴስት የሚደረገው ቀን ከሌት ለሚሠራ ትራክ ነው” አለ በራኺ። “እሱም አንዴ ተልኮ አይበቃም፤ በየጊዜው እየላክህ የአሁኑን ከበፊቱ ታስተያያለህ። ይሄ በጋ በጋ ብቻ የሚነዳ መኪና ነው። ዘይቱን ቀይርና ንዳ።”

“ደም ሳይመረመር መድኃኒት አይታዘዝም።”

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ” ብሎ በራኺ ሳቀ። ተድላም አብሮት ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

ቅዳሜ ጠዋት ማርልቦሮ ካለው ቤቱ ደጃፍ ላይ የመኪናውን ኮፈን ከፈተ። አማቱ እማማ ወለተማርያም ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና መንፈቅ አልሞላቸውም፤ አጠገቡ ቆመው ስለ መንገዱ ይጸልያሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን አንሥቶ ቀጭን ቱቦ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ፤ ተመልሶም ቱቦውን ታች ድረስ ሰዶ ዘይቱን ቀዳና የመኪና ዘይት ወደሚመረምር ላቦራቶሪ ላከው።

መልሱ መጣ። በዘይቱ ውስጥ ውሃ ተገኝቷል፤ ውሃው ወደ ዘይቱ እንዳይገባ የሚያግደው የሞተሩ ጋስኬት ሳይበላሽ አይቀርም፤ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ሳምፕል ይላክ ይላል። ተድላ የመጨረሻዋን ነገር አነበባት እንጂ ልቡ አልተቀበላትም። ሌላ ሰው ሸጦለት ቢሆን ኖሮ “ሳያውቅ ነው” ይል ነበር። መካኒክ ግን እንዴት አያውቅም?

ወደ በራኺ መሄድ ሲገባው ሄደና አንድ ክርስትና ላይ፣ ምግብ እየተነሣ፣ “ወዳጄ ሸወደኝ” አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ጋራዡ ደረሰ። ዘመኑም መጥፎ ነበር። አገር ቤት ጦርነት ነው፤ ካልጋሪም ውስጥ “እነሱ እኮ” ለማለት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከሁለቱም ወገን አይጠፋም። በራኺ ስልክ ማንሣት ተወ። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አዳልተዋል እንዳይባል ከአንዱ ወገን ጋሼ መኳንንት፣ ከሌላው ጋሼ ዘርእዝጊ ተመረጡ። የተገናኙት ተድላ ሳሎን ውስጥ ነው።

“በራኺ፣ መበላሸቱን ታውቅ ነበር ወይ?” ሲሉ ጋሼ መኳንንት ጠየቁ።

“አላውቅም። ልጆቼን ስጭንበት የኖርኩት መኪና ነው። ነሐሴም ልጭንበት ነበር።”

“ማልልን።”

በራኺ በልጆቹ ማለ። ሽማግሌዎቹ በቃን ብለው ወደ ተድላ ዞሩ። ያን ጊዜ አንገቱን ቢደፋ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን “መሐላ ሌላ፣ ላቦራቶሪ ሌላ” አለ።

“ምን ውሃ ነው ተገኘ የምትሉት?” አሉ እማማ ወለተማርያም ከጥግ ሆነው። ጋሼ ዘርእዝጊ አስረዷቸው።

“እሱማ ጠበል ነው” አሉ በእርጋታ። “ያን ዕለት አፉን ከፍቶት ወደ ቤት ሲገባ፣ ላይ ላዩን ከመርጨት ውስጡም ይግባ ብዬ፣ ከእንጦጦ ይዤው ከመጣሁት አንድ ኩባያ አጠጣሁት። መንገዱ ገደል ነው ሲሉ ሰምቼ።”

መጀመሪያ ጋሼ ዘርእዝጊ ሳቁ፤ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በራኺም ፈገግ አለ። ተድላ ግን በኀፍረት ላብ አጠመቀው። ተነሥቶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል በራኺ ክንዱን ይዞ አስቀረው። ተቃቀፉ፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ነገሩ አለቀ ተባለ።

በራኺ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ፣ “ነገ መጥቼ ዘይቱን እቀይርልሃለሁ” አለው። “ኢንጂኑ ደህና ነው።”

“ነሐሴ እንዳልነው ነው እንግዲህ?”

በራኺ አስሮ እስኪጨርስ ቀና አላለም። ሲናገርም ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

“አንተ ቤተሰብህን ይዘህ ሂድ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይሄ ሌላ ነው። ተራራው ላይ ኢንጂኑ ትንሽ ድምፅ ባሰማ ቁጥር፣ ዞረህ የምታየው የእኔን ፊት ነው።”

ተድላ “አላይም” ሊለው አፉን ከፈተ። ግን እንደሚያይ ያውቅ ነበርና በሩን ከፈተለት።